ሰርዶ፣ ዶሮና ሽማግሌ

ሰው በብዙ ነገር ይፈተናል። አንዱ በሹመት፣ አንዱ በርስት፣ አንዱ በጎረቤት። እኔ የተፈተንኩት በሣር ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለፈው ክረምት ሶዶ ውስጥ በእኔ ያልሳቀ ሰው ካለ፣ ከተማ ያልነበረ ነው።

መጀመሪያ የደጄን ነገር ላስረዳችሁ። እኛ ወላይታዎች ቤት ስንሠራ ጓሮውን ለእንሰት፣ ደጁን ለሣር እንሰጣለን። ጓሮ የቤተሰብ ነው፤ ምን እንደጎደለና ምን እንደተረፈ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ደጅ ግን የአገር ነው። እንግዳ ሲመጣ "ኑ፣ እዚህች አረፍ በሉ" የሚባለው እዚያ ነው። ልቅሶ እዚያ ይቀመጡበታል፣ የተጣላ እዚያ ይታረቅበታል፣ ልጅም እዚያ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ሌላው ቢቀር ደጅህ ላይ አጠር ያለ፣ ለምለም ሣር ሊኖርህ ይገባል። የሌለው ሰው ምን እንደሚባል አልነግራችሁም። ስሰማው ከርሜአለሁና አልደግመውም።

የእኔ ደጅ ቀይ አፈር ነበር። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ሣር የማይወደው ቦታ ሆኖ አይደለም፤ በወላይታ ምድር ሣር የማይወደው ቦታ የለም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይም ይበቅላል። ነገር ግን የባለቤቴ ዶሮዎች አሉ።

ባለቤቴን የምህረት እናት እላታለሁ፣ እሷም የምህረት አባት ትለኛለች። ስትቆጣ ብቻ "ሰውዬው" እባላለሁ። ዶሮዎቿን እንዲህ ሰውዬው አትላቸውም። ሁሉም ስም አላቸው። አለቃቸው እመቤት የምትባል ገብስማ ዶሮ ናት፤ ስትራመድ ግቢው በስሟ የተመራ ይመስላታል። አንድ ቀን ቆፍጠን ብዬ፣

"ለምን አትዘጊባቸውም?" አልኳት።

"ምን አጥፍተው?" አለች። ደግማ እንደማትወያይበት ገባኝ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጃችን ምህረት ከሻንቶ መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች። የዚያን ቀን ግን ሁኔታዋ ሌላ ነበር። ሳይለምኗት ዕቃ አጠበች። ሳትጠየቅ ጫማዬን ጠረገች። ከዚያ እናቷን ወደ ጓዳ ይዛት ገብታ ቆየች። እናቷ ስትወጣ ፊቷ በርቷል።

"የምህረት አባት፣ ሽማግሌ ሊመጣብን ነው።"

"ለማን?"

"ለእኔ!" አለች። "ለማን ይመስልሃል ሰውዬው?"

ልጁ ታምራት ይባላል። ኦቶና ሰፈር የሚኖር የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ በቸርች መዘምራን ውስጥም ያገለግላል። ጥር ሲገባ ለትምህርት ራቅ ወዳለ አገር ይሄዳል፣ ከዚያ በፊት መጋባት ይፈልጋሉ። ካልሆነ ነገሩ እሱ እስኪመለስ ይቆያል፣ መቼ እንደሚመለስ ደግሞ ራሱም አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ጊፋታ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይመጣሉ ተባለ። ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ መስከረም ውስጥ ይውላል፣ ቂም ያለው ሁሉ ታርቆ ነው የሚሻገረው፣ ከዚያ በኋላ ልብ ሁሉ ንጹሕ ነው።

ሌላ አባት ቢሆን ስለ ልጁ ጠባይ ይጠይቅ ነበር። እኔ ዓይኔን ወደ ደጄ ወረወርኩ። እመቤት በጭቃው መሐል ቆማ ታየኛለች።

"ሽማግሌዎቹ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?" አልኩ።

"ወንበር እንዋሳለን አባዬ" አለች ምህረት።

"ወንበር የቀበሌ ስብሰባ ነው። ልጄን የሚጠይቅ ሰው ሣር ላይ ነው የሚቀመጠው!"

እንዲህ የምሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ተበላ ከተማ አጠገብ ናቸው የሚኖሩት። እኔ የምህረትን እናት ያስጠየቅኋት እሳቸው ደጅ ላይ ነው። ቆላ ነው ብላችሁ አትናቁ፤ የአማቴ ሣር ዛሬም ሲታይ እንቅልፍ ያስመኛል። ታዲያ የእኔን ሽማግሌዎች በዚያ ሣር ላይ አስቀምጠው፣ በቅመም የፈላ የቡና ቅጠል አጠጥተው፣ "እስቲ እንመክርበት" ብለው ሦስት ጊዜ አመላለሷቸው። ሦስት ጊዜ! እኔ ከስቼ ልሞት ነበር። አሁን ግን ተራው የእኔ ነው። የተመላለስኩትን ማመላለስ አለብኝ። ለዚህ ደግሞ ሣር ያስፈልጋል፤ በጭቃ ላይ ቆሞ "እንመክርበት" የሚል አባት ምን ክብር አለው?

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የራሴ ጥፋት ነው።

በመጀመሪያ ሰርዶ ተከልኩ። ሰርዶ ከብት ቢረግጠው፣ ፀሐይ ቢያቃጥለው የማይሞት ሣር ነው ይባላል። ሻንቶ ያለ ዘመዴ ማሳው ዳር ያለውን ቆርጦ በማዳበሪያ ከረጢት ላከልኝ። ገመድ ወጥሬ፣ መስመር አስይዤ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ ተከልኩ። ወገቤ ተቆርጦ ገብቼ ምሳ በላሁ። ስወጣ ዶሮዎቹ ተሰልፈው መስመሬን እየተከተሉ ነቅለውታል። አንዳቸውም ከገመዱ አልወጡም። ለካስ ዶሮ መሬት የተቆፈረው ለሷ ብቻ ይመስላታል።

አባቶች "ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች" ይላሉ። ካራውን እኔው ይዤ ብቅ ስል የምህረት እናት በመካከላችን ቆመች።

"በእመቤት ላይ?"

"በእመቤት ላይ አይደለም፣ ሽንኩርት ልከትፍ ነው" አልኩ። ከተፍኩም።

ሰኞ ነገሩን ቢሮ አነሳሁት። ምን ቆርጦኝ! ቢሮ ውስጥ ለአንድ ደብዳቤ ሳምንት የሚፈጅ ሰው ሁሉ ለእኔ ደጅ በአንድ ሻይ ውስጥ መፍትሔ አመጣ። ከሁሉም መስፍን የሚባለው የሥራ ባልደረባዬ በረታ። መስፍን ምንም ነገር ስትነግረው "ኢሹው እሱ አይደለም" ብሎ ነው የሚጀምረው።

"ኢሹው ዶሮዋ አይደለችም ጋሼ" አለኝ። "ኢሹው የሣር መረጣ ነው። ደሾ ትከል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚይዝ ተራራ ያቆማል።"

እውነቱን ነው፣ ደሾ ተራራ ያቆማል። በየተዳፋቱ አፈር እንዳይሸረሸር የሚተክሉት እሱን ነው። ተከልኩ፤ ዶሮዎቹም ሊነቅሉት አልቻሉም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በክረምቱ ዝናብ ወደ ላይ ሲመዘዝ ግን ሌላ ጉድ መጣ። መስፍን ያልነገረኝ ነገር ደሾ ቁጭ የሚባልበት ሣር ሳይሆን የሚገባበት ሣር መሆኑን ነው። ዶሮዎቹ ገብተውበት ጠፉ። እንቁላል ጠፋ። የምህረት እናት በየጠዋቱ ደጃችን ላይ እየተንበረከከች ሣር ለሣር ስትፈልግ፣ በመንገድ የሚያልፍ "ይቺ እህታችን ጸሎት አጥብቃለች" ይላል። በኋላ የጎረቤታችን ጥጃ ገመዷን በጥሳ ገብታ አንድ ከሰዓት ሙሉ ስትግጠው ዋለች። ጎረቤታችን ሊወስዳት መጥቶ፣

"ይቅርታ ጋሼ፣ የከብት መኖ መትከልዎን አላወቅኩም ነበር" አለኝ። "አስቀድመው ቢነግሩኝ እገዛዎት ነበር።"

ከዚያ ደግሞ አንዲት የቢሯችን ሴት "ዶሮ ሽታ አትወድም" አለችኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ በእኔ ቤት ግን ዶሮዎቹ ሰላም ናቸው፣ ሲሉ ሰምቶ ሊታነቅ የደረሰው እኔ ነኝ። ደሾውን አስነቅዬ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጦስኝ ደጄን ሞላሁት። ዶሮዎቹ አልበሉትም፣ ይህን አልክድም። ገብተው ይንከባለሉበት ጀመር እንጂ። አንድ እሑድ እንግዳ መጥቶብን ከአውራ ዶሮዎቹ አንዱ ታረደ። እንግዳው ከጎረሰ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና "እናታችን፣ ቅመሙ እኮ አጥንቱ ድረስ ገብቷል" አላት። የምህረት እናት ወደ እኔ አየች።

ሐምሌ ገባ። ምህረት በስልክ "አባዬ፣ ደህና ነህ?" ትለኛለች፤ እኔ "ሣሩ ገና ነው" እላታለሁ።

እንግዲህ አሁን የራሴ ሐሳብ መጣ። ይህኛው የማንም አይደለም፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ጓሮ ቆሜ የስኳር ድንቹን ሐረግ አየሁ። ዶሮዎቹ ቅጠሉን ይነጫሉ፤ እሱ ግን አንዱ ሲነጭ በሌላ በኩል እየሮጠ መሬቱን ይሸፍናል። ሥሩ ጠብቆ ይይዛል፤ ከታች እንዳይጭሩት ሐረጉ ይጠላለፋል። ዕለቱን ቆራርጬ ከዳር እስከ ዳር ደጄ ላይ ሰካሁት። የምህረት እናት በር ላይ ቆማ፣

"ደጅ ላይ?" አለች።

"ደጅ ላይ።"

"የምህረት አባት፣ ሰው ምን ይለናል?"

"አረንጓዴ ነው፣ አይደለም እንዴ? ሰው ምን አገባው?" አልኩ።

ነሐሴ ሲጋመስ ደጄ እንደ ምንጣፍ ሆነ። ዶሮዎቹ ተሸነፉ። ጠዋት ጠዋት ሻዬን ይዤ እየወጣሁ እመቤትን "እንዴት አደርሽ?" እላታለሁ፣ ዞር ትላለች። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መጀመሪያ የተለየ ነገር ያየሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። ስወርድ ሒሳብ ስሰጠው እጄን መለሰው። "ይተዉት ጋሼ። ይህም ቀን ያልፋል" አለኝ። የተማረ ወጣት ነው፣ ስለ ኑሮ ውድነት በጠቅላላው እያወራ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። በሳምንቱ የቸርቻችን የሴቶች ኅብረት በእህት ወርቅነሽ መሪነት ደጄ ደረሰ። አንድ ኩንታል በቆሎ በጋሪ አስጭነዋል። እህት ወርቅነሽ ስኳር ድንቹን በዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ለክታ እንባዋ መጣ።

"ወንድሜ" አለችኝ፣ "ለምን አልነገርከንም? ደጅህን እስክታርስ ድረስ?"

ያኔ ገባኝ። እኛ አገር ሰው የስኳር ድንች የሚተክለው ጓሮ ወይም ማሳ ላይ ነው። ጓሮው አልበቃ ብሎት ደጁን፣ የእንግዳ መቀመጫውን ያረሰ ሰው ቤቱ ረሀብ ገብቷል ማለት ነው። መላው ሰፈር እኔን ሲያዝንልኝ ነው ለካ የከረመው።

"እህቴ፣ እኛ አልተቸገርንም። ይሄ እኮ ለዶሮዎቹ ነው" አልኳት።

"ዶሮዎቹም ተርበዋል?" ብላ ጭራሽ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ጸሎት ነው። ረጅም ጸሎት። ስለ ኢዮብ ተነሣ፣ በሰራፕታ ስለ ነበረችው መበለት ተነሣ። እኔ መካከል ላይ አንገቴን ደፍቼ "አሜን" እያልኩ ቆምኩ፣ ሌላ ምን ይባላል? በቆሎውን መመለስ ነውር ነው፣ መብላትም ውሸት ነው። ምን አደረግነው? ለዶሮዎቹ ሆነ። እነሱም ወፍረው ጭረታቸው እንደ ዶማ ሆነ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን ወሬው ኦቶና ደረሰ። ምህረት ቅዳሜን መጠበቅ አቅቷት በሳምንቱ መካከል ስልክ ደወለች።

"አባዬ" አለች፣ ድምፅዋ ተቆራረጠ። "የታምራት እናት ደግሰን እኛው እናጋባቸው፣ እዚያ ቤት ሸክም አንሁንባቸው አሉ።"

ልጅቷ እያለቀሰች ነው፣ እኔ ደግሞ በመስኮት ያንን አረንጓዴ ሞኝነቴን አያለሁ። የድሃ ልጅ ትባል? በእኔ ሐረግ?

ቅዳሜ ጠዋት ስኳር ድንቹን ከሥሩ ነቀልኩት። ድንቹ ገና ጣት አያህልም። ያን ሁሉ ስነቅል አፈሩ እንደ ዱቄት ላላ፤ እመቤትና ጓደኞቿ ያን ቀን ያደረጉትን ደስታ ለጊፋታ እንኳ አላየሁም።

የመጨረሻውን መፍትሔ ያገኘችው የምህረት እናት ናት። ዶሮዎቿን ሳታስር ልጇን ልትድር ቆርጣለችና። ከቤታችን ጀርባ ተደግፎ የቆመ አሮጌ ሽቦ አልጋ አለን። አባቷ ለሠርጋችን የሰጡን ነው፤ ምህረት የተወለደችው እሱ ላይ ነው። ብረቱ ከተሰበረ ቆይቷል፣ መረቡ ግን ደህና ነው።

"ሰርዶውን ትከልና ሽቦውን ከላይ አንጥፍበት" አለች። "ሣሩ በቀዳዳው ይወጣል፣ ዶሮዋ ጫፉን ትነጫለች እንጂ ሥሩን አትጭርም።"

"አልጋችንን?"

"ተኝተንበት ምን ፈየደልን?" አለች። "ስትገላበጥበት ጩኸቱ ሰፈሩን ያስነሳ ነበር።"

እንዳለችው አደረግሁ። ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴም ሁለት ሽቦ ጨምሬ ደጁን ሞላሁት፤ የእኛን አልጋ ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ሥር፣ በክብሩ ቦታ፣ የሽማግሌው አለቃ በሚቀመጥበት ዘረጋሁት። ሣሩ ያዘ! ዶሮዎቹ ይጭራሉ፣ ጥፍራቸው ሽቦውን ይመታል፣ ይደነግጣሉ። እመቤት ለሁለት ቀን አኩርፋ ጓሮ ዋለች። ጊፋታ ሲደርስ ሽቦው በሣር ተውጦ የት እንዳለ እኔው ራሴ ጠፍቶኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በሽቦው ዳርና ዳር የአልጋው ብረት ላይ የሚያያዙት መንጠቆዎች አሉ። "ወደ ታች እጠፋቸው" አለችኝ የምህረት እናት። አጠፍኩ። የእኛ አልጋ ላይ ያሉት ግን ጠንካሮች ሆኑብኝ፤ ፒንሳ ተውሼ ነገ አጥፋቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገር ነበረ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። የድህነቱ ወሬ ውስጤን አቁስሎታል። ስለዚህ ወስኛለሁ፦ ሦስት ጊዜ አመላልሳቸዋለሁ። ያውም በየወሩ። ይህ ቤት ልጁን አውጥቶ ለመጣል የሚቸኩል ቤት እንዳልሆነ ኦቶና ሁሉ ይወቅ። ጊፋታ ማታ ሥጋ እየበላን ሳለን ይህንኑ ተናገርኩ። ምህረት ጎርሳ የነበረውን ሳታላምጥ ቀረች።

"አባዬ፣ ሦስት ወር ከሆነ እኮ እሱ ይሄዳል።"

"የሚወድሽ ይጠብቃል። እኔ ጠብቄአለሁ።"

"አንተ የጠበቅከው ተበላ ነው፣ በሚኒባስ የሚደረስበት!" አለች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። እናቷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ዳታውን፣ የሥጋ ማባያ በርበሬውን፣ ብቻ ከፊቴ አነሳችው። በወላይታ ቤት ሥጋ እየበላህ በርበሬው ሲነሣብህ ተኮርፎብሃል ማለት ነው። እኔም ቃሌን አላነሳሁም። ግትር ነኝ፤ በዚያ ላይ ሣሬ በቅሏል።

ቅዳሜ መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች። አለቃቸው የታምራት አያት፣ አቶ አንጁሎ፣ ቁመታቸው በር የሚሞላ፣ ቡሉኮ የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሆነ፤ "ሳሮ፣ ሳሮ" ተባባልን። ደጄን ሲያዩ ቆሙ። ቆመው ሣሩን አዩ። ወንድሞቼ፣ የዚያን ሰዓት ስሜት በምን እንደምነግራችሁ አላውቅም። አራት ወር ሙሉ የተሳቀብኝ እኔ በዓይናቸው ውስጥ ቀና አልኩ።

"ደግ ደጅ ነው" አሉ አቶ አንጁሎ፤ ሄደው ዛፉ ሥር፣ ካለው ሁሉ የለመለመውን መርጠው ተቀመጡ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! እኔ ያኔ መንጠቆዎቹን ፈጽሞ ረስቻቸዋለሁ።

የቡና ቅጠሉ ተጠጣ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ጸሎት ሆነ። ከዚያ አቶ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣

"የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነው" አሉ። "ልጃችን ሥራ አለው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል። እናንተም ልጅ አሳድጋችኋል፣ ሰምተናል። በድህነት ተጎድታችኋል የሚል ወሬም ሰምተን ነበር፤ ዛሬ ደጃችሁን አየነው፣ ወሬው ውሸት ነው።"

እዚህ ላይ፣ ይህ ይበቃኛል፣ እሺ ልበላቸው ማለት ነበረብኝ። ግን ንግግሬን ለወር አጥንቼዋለሁ። ተነሥቼ ቆምኩ። ስለ ልጅ ክብደት ተናገርኩ፣ ስለ ዘመድ ምክር ተናገርኩ፣ ስለ አማቴ ሳይቀር ተናገርኩ። በመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ የምህረት ጥላ ይታየኛል፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

"ስለዚህ" አልኩ በመጨረሻ፣ "እንመክርበታለን። ከወር በኋላ ብትመለሱ።"

መጋረጃው ጀርባ ያለው ጥላ ቁጭ አለ። እኔም ውስጤ የሆነ ነገር አብሮት ቁጭ አለ።

"ደግ፣ እንመለሳለን" አሉ ሽማግሌዎቹ። ሁለቱ ተነሡ። አቶ አንጁሎ ግን አልተነሡም።

"እንሂድ እንጂ አባ" አሏቸው።

"እየተነሣሁ ነው" አሉ። ግን አልተነሡም። ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ ሞከሩ፤ ከበታቻቸው እንደ ጥንቱ የሚንጫጫ ድምፅ ተሰማ። ድምፁን አወቅኩት። አልጋዬ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሰፈር ያስነሣ የነበረው ድምፅ ያ ራሱ ነው።

ሮጥኩ። ተንበረከኩ። ቡሉኳቸው አንዱ መንጠቆ ላይ ነው፣ እሱን አላቀቅኩ። ችግሩ ግን ቡሉኮው አልነበረም፤ ሁለተኛው መንጠቆ ሱሪያቸውን ከኋላ ይዟል። ቡሉኮ ይወልቃል፤ የአንድ ጎሣ ሽማግሌ ሱሪውን ትቶ አይሄድም። እጄን ከሥራቸው ሰድጄ ስታገል እመቤት መጣችና አጠገባችን ቆማ አንገቷን አዘንብላ ታየን ጀመር። በዚያ ሁሉ ክረምት የነበረባትን ቂም በዚያች ደቂቃ የተወጣች ይመስለኛል።

"ይህ ምንድን ነው የያዘኝ ልጄ?" አሉ አቶ አንጁሎ በቀስታ።

የምህረት እናት ከበሩ፣

"አልጋችን ነው አባ" አለች። "የሠርጋችን አልጋ። ዶሮ ሣር እንዳይጭር አንጥፎት ነው።"

አቶ አንጁሎ ወደ ሣሩ አዩ፣ ወደ ዶሮዋ አዩ፣ ከሥራቸው ወደተንበረከክሁት ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያመማቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሳቅ ነው።

"እንግዲህ ምን ይሻለኛል?" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "ባለቤቱ ሂድ ይለኛል። ደጁ ግን አትሂድ ይለኛል። የማንን ልስማ?"

"የደጁን ይስሙ!" አለች የምህረት እናት። "ደጁ የእኔም ነው!"

ቀና አልኩ። መጋረጃው ተገልጧል። ልጄ በመስኮቱ ላይ ናት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነው፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ወድቃ ስትነሣ እንደምትሆነው። ያ ሁሉ ክረምት ሣር ስተክል ለማን ነበር የምተክለው? ለእሷ ነበር ወይስ ለወሬ? እኔ አላውቅም። ግን የዚያን ጊዜ የያዝኩት ቃል ሁሉ ከአፌ ጠፋ፤ እንደተንበረከክሁ፣ አንድ እጄ የሽማግሌ ሱሪ ይዞ፣

"ሰጥቻለሁ" አልኩ። "ውሰዷት። ምህረትን ሰጥቻችኋለሁ።"

እልልታው ከጓዳ ወጣ። በመጀመሪያ ቀን እሺ ያለ አባት በሰፈራችን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። አማቴ ሲሰሙ ለአንድ ሳምንት ስልኬን አላነሡም።

አቶ አንጁሎን ለማስለቀቅ ሽቦው በፒንሳ ተቆረጠ፤ ያን ሁሉ ቀን ያልተዋስኩት ፒንሳ ከጎረቤት በደቂቃ መጣ። ሲሄዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሽቦ አልጋው ጥሩ መላ ነው፣ የእኔም ቤት ዶሮዎች አስቸግረውኛል" አሉኝ። "ግን መንጠቆውን እጠፈው።"

ሽቦው በተቆረጠበት በኩል እመቤት በማግስቱ ገባች። ባለ ቡሉኮው በተቀመጡበት ልክ ሰርዶውን ጭራ ቀይ አፈር አወጣችው። ዛፉ ሥር፣ በክብሩ ቦታ፣ የአንድ ሽማግሌ መቀመጫ የምታህል ባዶ ቦታ አለች። መስፍን ከቢሮ መጥቶ አይቷት "ኢሹው..." ብሎ ሲጀምር ዝም አሰኘሁት።

ሠርጉ ለታኅሣሥ ተቆርጧል። ምህረት አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሻንቶ ትመጣለች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከእህት ወርቅነሽ በቆሎ አንድ እፍኝ ዘግና ያቺ ባዶ ቦታ ላይ ትበትናለች፤ ዶሮዎቹ ከያሉበት እየሮጡ ይመጣሉ።

"ምነው ልጄ፣ ሣሬን!" እላታለሁ።

"እዚህ ጋ እኮ ሣር የለም አባዬ" ትለኛለች።

የለም። እኔም አልተክልበትም።